ወረፋ የያዘው ሬዲዮ

በደርግ ጊዜ፣ በቆቦ ቀትር፣ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ ሬዲዮ ይሰማል። ወባ የያዘው ይንቀጠቀጣል። ሬዲዮ የሚሰማው ግን ትንፋሹን ውጦ ቁጭ ይላል፤ ላቡ ከአገጩ ጠብ ጠብ ይላል፣ ብትጠሩት አይመልስም። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ። ወባው ይሻላል።

የምንሰማው የተከለከለውን ጣቢያ ነበር። ጫካ ያሉት ሰዎች ቀትር ላይ የማረኳቸውን ወታደሮች ስም ያነቡ ነበር። ስም፣ የአባት ስም፣ አንዳንዴም የተወለደበት አገር። ልጃችን ከጎብዬ ገበያ ከታፈሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ማሽላ ሊሸጥ ሄደ፣ አህያዋ ከነጭነቷ ብቻዋን ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ እሱም በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ስሙ በዚያ ሬዲዮ ከተነበበ ልጃችን ተማርኳል፣ በሕይወት አለ። ካልተነበበ የለም። እኔና ሚስቴ በየቀኑ በአንድ ጋቢ ስር ገብተን ይቺን ነበር የምንጠብቃት።

ሬዲዮናችን ባለ ሦስት ባንድ ነው። እጀታው ተሰብሮ ከመኪና ካላማዳሪያ በቆረጥኩት ጎማ አስሬዋለሁ። መርፌውን ደግሞ ያ ጣቢያ ላይ አድርጌ፣ ማንም እንዳይነካብኝ ማዞሪያውን በቀይ ክር ጠፍሬዋለሁ። የመንግሥት ዜና፣ ዘፈን፣ ምን፣ እኔ ቤት የለም። ያቺ አንዲት ጣቢያ ብቻ።

ችግሩ ድንጋይ ነበር፤ የሬዲዮ ድንጋይ። ይጠፋል፣ ሲገኝም ይወደዳል። ስለዚህ የደከመውን ድንጋይ በጥርሳችን ነክሰን፣ ረፋድ ላይ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እናሰጣዋለን። የቆቦን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀትር ሲሆን ድንጋዩ እጅ ይፈጃል። ያኔ ሬዲዮው ውስጥ ሲገባ የሞተው ድንጋይ ነፍስ ይዘራል። ብዙ አይቆይም። ስም የሚነበብባትን ያህል ከቆየ ይበቃናል። ሲበርድ መልሶ ይሞታል።

ወሬው የመጣው እንዲህ ነው። ጎብዬ ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ከአሰብ ጭኖ የመጣ አንድ ሾፌር ጫማውን አውልቆ እግሩን ሰቅሏል።

«እናንተ አሁንም ድንጋይ ትነክሳላችሁ?» አለን እየሳቀ። «ወደብ ላይ የወረደውን ሬዲዮ ብታዩ!»

«ምን የተለየ ነገር አለው?» አልኩት።

«ድንጋይ አይበላም። ፀሐይ ነው የሚበላው። ሹ፣ ቅር፣ ጩር የለ። የፈለግኸውን ሰው ስም ትነግረዋለህ፣ ድምፁን አምጥቶ ያሰማሃል።»

«የት ያለ ሰው?»

«የትም ያለ። አገር ይለይ መሰለህ?»

«አንተ ሰምተኸዋል?»

«እኔ ሳጥኑን ነው ያየሁት። የሰማውን ሰው ግን አውቀዋለሁ።»

አጠገቤ የነበረው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ሳምንት አልሞላም፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ አገሩን አዳረሰው። ሮቢት ላይ መስታወት ዓይን አለው ተባለ። ዋጃ ላይ ምስል ያሳያል፣ የሚያሳየው ግን የሚወዱህን ሰዎች ብቻ ነው ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰብስቦን «የአሉባልታ ሬዲዮ የሚጠብቁ የአብዮቱ ጠላቶች ናቸው!» ብሎ ጮኸብን፤ ሲወጣ ደግሞ ባለሱቁን በክንዱ ይዞ «ለእኔ አንዱን ሳትረሳ» አለው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ድንጋይ መግዛት ተወ። «ነገ ለሚጣል ነገር ምን ያከስረኛል?» ይላል። አንዲት ጎረቤታችን ገና ላልመጣው ሬዲዮ ልብስ ሰፋችለት፤ ነጭ፣ ጥልፍ ያለው፣ በስታርች የደረቀ። መደርደሪያው ላይ ባዶውን ገትራ አቆመችው። ከውስጡ ምንም የለ። ቤቷ የሚገባ ሰው ግን ልብሱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እኔም ዝቅ አድርጌያለሁ።

አንድ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን፤ ሁሉንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወላሂ፣ ስም ጠርተህለት ድምፅ የሚያመጣ ነገር ሬዲዮ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ አባባ?»

«እኔ አልጠራውም፤ እንዳይመጣ። ደግሞ እናንተ የምትሰሙት መሰላችሁ? እሱ ነው የሚሰማችሁ።»

ባለሱቁ ከደቡብ ትግራይ መጥቶ ቆቦ የከተመ ቀና ሰው ነበር። ሰው ሁሉ «ለእኔ አስቀድምልኝ፣ ለእኔ» እያለ ሲያስጨንቀው አንድ ነገር አመጣ። ያን ጊዜ በኅብረት ሱቅ ስኳር ሲመጣ ወረፋ የምንይዘው በድንጋይ ነበር፤ የመንገድ ድንጋይ ማለቴ ነው። ሰልፉ ላይ ድንጋይህን ታስቀምጣለህ፣ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ፣ ድንጋይህ ስላንተ ይቆማል። ባለሱቁ ይህን ይዞ «አሮጌ ሬዲዮናችሁን አምጡ» አለ። «እንደ መጡበት ቅደም ተከተል መደርደሪያ ላይ አሰልፋቸዋለሁ። አዲሱ ሲመጣ በሬዲዮናችሁ ተራ ትወስዳላችሁ።»

ሰው እንደ ጉድ ተግተለተለ። እየሠራ ያለ ሬዲዮ ይዞ የመጣው ስንቱ ነው!

እኔም ያችን ማታ ለሚስቴ ነገርኳት።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን አይሆንም?»

«ስሙ በነገው ቀን ቢነበብስ?»

«ሁለት ዓመት ያልተነበበ ስም ነገ ይነበባል? አዲሱ እኮ ጠርተሽ ነው የምታስመጪው። ቁጭ ብለሽ አትጠብቂም።»

«እኔ መጠበቅ አልደከመኝም። አንተ ነህ የደከመህ።»

ልክ ነበረች። የተናገረችው እውነት ስለሆነ ተናደድኩ። እኔ ሰው እንደዚያ ሲለኝ የማደርገውን ነገር የባሰ አደርገዋለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው። ጠዋት ሬዲዮውን አንስቼ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ «ድንጋዩን እንኳን አውጣው» አለችኝ።

«የሞተ ድንጋይ ነው።»

«አጥፋው እንግዲያ።»

«የሞተ ነገር ምኑ ይጠፋል?» አልኳትና ሄድኩ። ማዞሪያው እንደ ተከፈተ፣ ክሩ እንደ ታሰረ።

ሱቁ የቆርቆሮ ሱቅ ነው፤ ግድግዳውም ጣራውም። ባለሱቁ ሬዲዮናችንን ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጣራው ስር፣ የመጨረሻው ጥግ ላይ አስቀመጠው። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። መደርደሪያው ሙሉ ሬዲዮ ነው፣ ሁሉም ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል፣ አንዱም አይናገርም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይመስላሉ። ቶሎ ወጣሁ።

ሰነበትን። ቀትር ሲሆን ሚስቴ ጋቢዋን አውርዳ እንደ ልማዷ ጥጓ ላይ ትቀመጣለች። ጉልበቷ መካከል ምንም የለም።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሰዓቱ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሬዲዮው ዋጃ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ባለሱቁ ሱቁን በሁለት ጓጉንቸር ቆልፎ በአውቶቡስ ሊያመጣ ሄደ። በማግስቱ ሙቀቱ የተለየ ነበር፤ ንፋስ የለ፣ ወፍ የለ፣ ውሻው ሁሉ ከግድግዳ ጥላ ስር ተዘርሯል። ቀትር ላይ ከሱቁ ደጃፍ ጨው የምትቸረችረው ሴት ወደ እኛ ደጅ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሱቁ ውስጥ ሰው ተቆልፎበታል» አለች። «ሰው እየቆጠረ ነው።»

ሄድን። ስንደርስ ሰዎች ተሰብስበዋል። ሁሉም ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፏል። ቆርቆሮው ያቃጥላል፤ ሰው ጆሮው ሲነድበት ይነሳና ሌላኛውን ጆሮ ይለጥፋል። ከውስጥ ድምፅ ይመጣል። ቀጭን፣ ከጉድጓድ ስር የሚወጣ የሚመስል። ስም። የአባት ስም። ትንሽ ዝም። ስም። የአባት ስም።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ጣራው ድንጋዩን አሙቆታል። የእኛ ሬዲዮ ነው፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ያ ጣቢያ ላይ በክር የታሰረ የእኛ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት በየቀትሩ ሲነሳ ኖሮ የገበያው ሁካታና የባለሱቁ ጩኸት አፍኖት ይሆን፣ ወይስ የዚያን ቀን ሙቀት ብቻ አስነሳው፣ ዛሬም አላውቅም። ይህን ብናገር እታሰራለሁ፤ የተከለከለ ጣቢያ በአደባባይ ያሰማው የእኔ ሬዲዮ ነው። ዝም ብዬ ዞሬ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሄድኩ፣ መደርደሪያው ወደ ተጠጋበት። ሚስቴ ከፊት በር ላይ ቀረች።

በዚህ መካከል አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን ይዞ መጣ። የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው።

«ተበተኑ! ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። ጨው ሻጯ ብቻ ዞር ብላ «ወንድምህ የት ነበር ያለው?» አለችው።

ጠብመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ቆቡን አወለቀ። ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ።

ድምፁ እየደከመ ነበር። እኔ ጆሮዬ እየተላጠ ነው፣ አልተነሳሁም። ሹ ይላል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ሳለ ከሹታው መካከል ስሜን ሰማሁ። የገዛ ስሜን። ከተቆለፈ ቤት ውስጥ፣ ማንም በሌለበት።

ሰው ስሜን ሲጠራኝ ዕድሜዬን ሙሉ አቤት ብያለሁ። ያን ቀንም አልኩ። ግድግዳውን «አቤት» አልኩት። ከዚያ ድንጋዩ ሞተ። ፀጥ አለ።

ከኋላ ስመጣ ሚስቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«የልጄን ስም ጠራ» አለችኝ።

«የአባቱን ስምስ?»

«አልሰማሁም። ጮኸበት፣ ሹ አለበት። የልጄን ስም ብቻ ነው የሰማሁት። አንተስ?»

«እኔ የእኔን ስም ብቻ ነው የሰማሁት። ከእሱ በፊት ያለውን አልሰማሁም።»

ተያየን። ግማሹን እሷ ይዛለች፣ ግማሹን እኔ። የልጃችን ስም ያለው ሰው በዚህ አገር ስንት ነው! የእኔ ስም ያለውም እንደዚያው። አንዱ ከአንዱ ጋር የተነበበ ይሁን፣ ወይ የሁለት ሰው ልጆች ስም ይሁን፣ ማን ያውቃል? እኔ ሬዲዮውን ከቤት ባላወጣው ሁለታችን በአንድ ጋቢ ስር፣ በአንድ ጆሮ እንሰማው ነበር። ይህን አላለችኝም። አንድም ቀን አላለችኝም። ያላለችኝ ነው ዛሬ ድረስ የሚበላኝ።

ያለችኝ ሌላ ነገር ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመችና «የሚያነበው ሰውዬ አልነበረም» አለች። «የልጄ የራሱ ድምፅ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ! ራሱ ሬዲዮ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? አንባቢው ነው።»

«ስሙን ሲናገር መጀመሪያው ላይ ይጎትተዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይጎትተዋል። ድምፁ ነው።»

ሾፌሩ ያለው ትዝ ብሎኝ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ፤ በዚያ ሙቀት። የፈለግኸውን ሰው ድምፅ ያመጣል ብሎ ነበር።

በማግስቱ ቀትር ከሱቁ ደጃፍ የነበረው ሰው ከገበያ ቀን ይበልጥ ነበር። ሹታ ብቻ ሰማን፣ ከሹታው ውስጥ አንድ ሳል የሚመስል። በሦስተኛው ቀን ምንም። ያ ጥበቃ ግን ምንም በሌለበት ጆሮውን ለጥፎ ቆይቶ ሄደ።

ባለሱቁ ባዶ እጁን ተመለሰ። አቧራ ለብሷል።

«የታለ?» አልነው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እኔም አልገባኝም» አለኝ። «ዋጃ ስደርስ አላማጣ ነው ያለው አሉኝ። አላማጣ ስደርስ ደግሞ ‹ከአንተ አገር፣ ከቆቦ አይደለም እንዴ? የሚናገር ሬዲዮ ቆቦ ሱቅ ውስጥ ተቆልፏል አሉ› ብለው እኔኑ ጠየቁኝ።»

ሱቁን ሲከፍት ሬዲዮናችንን አወረድኩ። ድንጋዩ ፈንድቶ ሆዱን በልቶታል፣ ነጭ ነገር ተፍቷል። ባለሱቁ ክሩን አየ፣ እኔን አየ። ጨርቅ አምጥቶ ጠቀለለልኝና «ቶሎ ግባ» አለኝ። ሌሎቹን ሬዲዮናችሁን ውሰዱ ብላቸው እምቢ አሉ፤ «ተራችን ይቃጠላል» ብለው። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ከዚያ መደርደሪያ ያልወረደ ሬዲዮ አለ።

ሆዱን በቢላ ጠርጌ፣ አዲስ ድንጋይ ፈልጌ አስገባሁ፣ ሠራ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀትር ሰማን፤ ያ ስም አልተደገመም። ዘመዶቻችን መጡ። ወግ ነው፣ ይህን ያህል ከቆየ እርም ይወጣል፣ ድንኳን ይተከል፣ ይለቀስ አሉ። ሚስቴ ተነስታ በሩን ከፈተችላቸው። «በሕይወት ላለ ልጅ የሚያለቅስ ይውጣልኝ» አለቻቸው። ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ ግማሹን የያዝኩት ሰው ነኝ። «እሷ ያለችው ነው» አልኩ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ምርኮኞቹ በአስፋልቱ መምጣት ጀመሩ፤ የሚጫነው በመኪና፣ የሚሄደው በእግሩ። ሚስቴ ሬዲዮውን በርጩማ ላይ አድርጋ ደጅ አወጣችው። ልጁ ሲያልፍ ጎማውን አይቶ ቤቱን እንዲያውቅ ነው። ቤታችን የትም አልሄደ፤ ግን አላልኳትም።

አንድ ቀን አንድ የከሳ ሰው ውሃ ለመነ። እየጠጣ ሬዲዮውን አየ።

«እናንተም እኛን ትሰሙን ነበር?» አለ።

«ስማችሁን እንሰማ ነበር» አልኩት። «የሚያነበውን ሰውዬ።»

«አዎ፣ እሱ ያነባል። አንዳንድ ቀን ግን እኛኑ ያስቀምጡንና እያንዳንዱ የራሱን ስም ይናገር ይሉናል። ቤተሰብ ድምፅ ይለያል ብለው።» ጣሳውን መለሰልኝ። «እኔ ተራዬ ሲደርስ ሳል ያዘኝ። ስሜን መጨረሴንም አላውቅ።»

የልጃችንን ስም ጠየቅነው። «እናቴ፣ በዚያ ስም የምንጠራው ስንት ሰው ነበር» አለ። ተሰናብቶን ወደ ሮቢት አቀና።

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። የተቆጣች እንዳይመስላችሁ፤ ፈገግ ብላለች። «አንባቢው ነው ብለኸኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ከሬዲዮው ላይ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ልጃችን በአስፋልቱ አልመጣም። እሷም ድንኳን ሳታስተክል፣ ፀጉሯን ሳትላጭ ኖራ ኖራ ሞተች። ለእሷ ድንኳን ተከልኩ፣ ለእሱ አልተከልኩም።

አሁን ወጣቶቹ ቡና ቤት ተቀምጠው ስለሚመጣው ስልክ ያወራሉ። ገና ነው፣ ወደብ ላይ ነው፣ አንዱ ያየው ሰው አለ፣ ያለው የእጅ ስልክ ከእንግዲህ አይረባም ይላሉ። አሮጌውን ሰጥተው አዲሱን የሚጠብቁም አሉ። እኔ አላሾፍባቸውም። ከመስጠታችሁ በፊት ማን እንደሚደውልላችሁ አስቡ ነው የምላቸው፤ ሽማግሌው ጀመረው ብለው ይስቃሉ።

ያ ጣቢያ ከተዘጋ ዘመን አልፏል። ክሩን ግን አልፈታሁትም። ረፋድ ላይ ድንጋዩን ቆርቆሮው ላይ አሰጣለሁ፣ ቀትር ላይ አስገባለሁ፣ ጋቢዬን እከናነባለሁ። የሚሰማው ሹታ ነው። ግማሹን ብቻ ሰምቼ እንዳልቀር ግን፣ ገና ስከፍተው፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ አቤት እለዋለሁ።